ሥልጣን ለቤት ሲቀርብ፦ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች በስቴትና በከተማ ፖለቲካ ላይ የያዙት ክርክር

የአሜሪካ ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ዋይት ሐውስ ላይ ነው። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባወራ ከመንግሥት ጋር የሚገናኝባቸውን ጉዳዮች አንድ በአንድ ቢያስብ፣ አብዛኞቹ ከፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ አይደርሱም። ልጁ ክፍል ውስጥ የሚነበብለትን መጽሐፍ የሚያጸድቀው የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው። በየዓመቱ የሚከፍለውን የቤት ግብር ተመን የሚያወጣው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ባለቤቱ ፀጉር ቤት ልክፈት ብትል ፈቃድ የምትጠይቀው ስቴቱን ነው። የመኪናው መስታወት ተሰብሮ ዕቃው ቢሰረቅ፣ ሌባው ይከሰስ ወይስ ይተው የሚለውን የሚወስነው የካውንቲው ሕዝብ የመረጠው ዐቃቤ ሕግ ነው።

በአሜሪካ 50 ስቴቶችና ከ90 ሺህ በላይ የአካባቢ መስተዳድሮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን የቻሉ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ናቸው። ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎችና ተንታኞች ላለፉት 50 ዓመታት ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በዚህ መስክ ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ክርክራቸውን በትምህርት፣ በግብር፣ በጸጥታ፣ እንዲሁም በቤትና በሥራ ፈቃድ በኩል ይመረምራል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። ወግ አጥባቂነት በአካባቢ ፖለቲካ ውስጥ ያለው ትልቁ ሀብት “ውሳኔው ውጤቱ ለሚነካው ሰው ቅርብ ይሁን” የሚለው መርሕ ነው። ትልቁ ድክመቱም ይህንኑ መርሕ ሲመቸው አንሥቶ ሳይመቸው መጣሉ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

መነሻው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ኤድመንድ በርክ በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲተች፣ ሰው አገሩን መውደድ የሚጀምረው በዙሪያው ያለችውን ትንሽ ማኅበር በመውደድ ነው ብሎ ተከራክሯል። ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል በ1831 አሜሪካን ሲጎበኝ ያስደነቀው፣ የኒው ኢንግላንድ መንደርተኞች ተሰብስበው ስለ መንገዳቸውና ስለ ትምህርት ቤታቸው ራሳቸው መወሰናቸው ነበር፤ ይህንንም በ1835 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው ጽፎታል። በ1953 ደግሞ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት ኒስቤት፣ በግለሰቡና በመንግሥት መካከል ያሉት ተቋማት፣ ማለትም ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰፈር ሲዳከሙ ግለሰቡ ብቻውን እንደሚቀርና ማዕከላዊው መንግሥት ቦታውን እንደሚይዝ አስጠነቀቀ። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሐዘንተኛው ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር አሰልፎ፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝነው ዕድር ኒስቤት ሊጠበቁ ይገባል ካላቸው ዓይነት ተቋማት አንዱ ነው፤ ዕድር በሕግ ትእዛዝ አልተቋቋመም፣ የትኛውም መሥሪያ ቤትም አይተካውም።

በሕግ በኩል መሠረቱ በ1791 የጸደቀው አሥረኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፦ ለፌዴራል መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን የስቴቶች ወይም የሕዝቡ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከተሞችን ግን በስም እንኳ አያነሣም። የአይዋው ዳኛ ጆን ዲለን በ1868 ከተማ የስቴቱ ፍጡር እንደሆነና ስቴቱ ከሰጠው በቀር ሥልጣን እንደሌለው ፈረዱ፤ የአሜሪካ ላዕላይ ፍርድ ቤትም በ1907 በፒትስበርግ ጉዳይ ይህንኑ አጸና። ቨርጂኒያ እስከ ዛሬ በዚህ ደንብ ትተዳደራለች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ፌርፋክስ ካውንቲ ብዙ ነገር ለማድረግ የስቴቱን ዋና ከተማ የሪችመንድን ፈቃድ የምትጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የአካባቢ ሥልጣን ጥያቄ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ስቴት ከዋሽንግተን ጋር ያለው ክርክር ነው፤ ሁለተኛው ከተማ ከስቴት ጋር ያለው። ወግ አጥባቂው ወገን በመጀመሪያው ላይ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከዚህ በታች ተመልሶ ይገጥመናል።

ክርክሩን ያደራጁት ተቋማት ታሪክም ረጅም ነው። ለስቴት ምክር ቤቶች የሕግ ረቂቅ የሚያቀርበው አሌክ በ1973 ተመሠረተ። የሚሺጋኑ ማኪናክ ማዕከል በ1987 ተከተለ፤ ማንሃተን ኢንስቲትዩት የሚያሳትመው ሲቲ ጆርናል በ1990፣ የስቴት ጥናት ተቋማትን የሚያስተሳስረው ስቴት ፖሊሲ ኔትወርክ ደግሞ በ1992 ሥራ ጀመሩ። ውጤታቸው ይታያል። በ2025 መጀመሪያ ሪፐብሊካኖች በ23 ስቴቶች አገረ ገዥነቱንና ሁለቱንም ምክር ቤቶች በአንድነት ይዘው ነበር፤ ዴሞክራቶች በ15።

ትምህርት፦ ከቦርዱ የሚቀርብ ማን አለ?

ከሁሉም በላይ ወገኖቻችንን የነካው ጉዳይ የሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በ2022 መገባደጃ የካውንቲው ትምህርት ቦርድ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርና የፆታ ለውጥ ያላቸው ገጸ ባሕርያት የሚገኙባቸውን የሕፃናት የተረት መጻሕፍት በአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ አስገባ። መጀመሪያ ላይ ወላጆች አስቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጃቸውንም ከንባቡ ማስወጣት ይችሉ ነበር። በመጋቢት 2023 ቦርዱ ከቀጣዩ የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማስታወቂያም ፈቃድም እንደማይኖር አሳወቀ። ያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ሮክቪል ወደሚገኘው የቦርዱ ጽሕፈት ቤት ወጡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ቆመው ልጆቻችን ምን እንደሚነበብላቸው የማወቅ መብት አለን አሉ። ሞንትጎመሪ ለዴሞክራቶች በሰፊ ልዩነት የሚመርጥ ካውንቲ ነው፤ ከእነዚህ ወላጆችም ብዙዎቹ ራሳቸውን ወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ ብለው የሚጠሩ አይመስለኝም።

ወላጆቹ በሥር ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2024 ፈረደባቸው። ሰኔ 27 ቀን 2025 ላዕላይ ፍርድ ቤቱ በማህሙድ እና ቴይለር ጉዳይ በ6 ለ3 ድምፅ ቦርዱ አስቀድሞ እንዲያሳውቃቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ የሚያደርግ ጊዜያዊ እግድ ይገባቸዋል አለ። ብይኑን የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ፣ የአሚሽ ወላጆች በ1972 በዊስኮንሲን ጉዳይ ያገኙትን ፍርድ ዋና መሠረት አድርገዋል። በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ደግሞ ልጅን ከአንድ ሐሳብ ጋር ማገናኘት ማስገደድ አይደለም፣ እያንዳንዱ ወላጅ በየትምህርቱ ልጁን ቢያስወጣ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሊሠራ አይችልም ብለዋል። ይህ ሥጋት የሚናቅ አይደለም፤ መምህራን በየዕለቱ የሚያውቁት ችግር ነው።

ወግ አጥባቂ ተንታኞች በብይኑ ተደስተዋል፤ እኔም ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና በሕዝብ የተመረጠን የአካባቢ ቦርድ የረታው የፌዴራል ፍርድ ቤት መሆኑን ማለፍ አይገባም። መርሑ “አካባቢው ይወስን” ብቻ ቢሆን ኖሮ ወላጆቹ መሸነፍ ነበረባቸው። መልሱ መርሑን ጠለቅ አድርጎ በማንበብ ይገኛል። ለልጁ ከካውንቲው ቦርድ ይልቅ እናትና አባቱ ይቀርባሉ። ሥልጣን ወደ ታች ይውረድ ስንል መጨረሻው ከተማ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ የፍርድ ቤቱም ሥራ ከላይ ሆኖ የታችኛውን ክብር መጠበቅ ነው።

ይህ ስሜት በድምፅ መስጫ ሣጥንም ታይቷል። በ2021 የቨርጂኒያ ምርጫ ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ በክርክር መድረክ ላይ ወላጆች ትምህርት ቤቶች ምን ማስተማር እንዳለባቸው ሊነግሩ አይገባም የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የቆዩበት፣ የላውደን ካውንቲ የቦርድ ስብሰባዎችም በጭቅጭቅ የሚበተኑበት ጊዜ ነበርና ንግግሩ ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ለድል ካበቁት ነገሮች አንዱ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የወላጅ ጥያቄ ኃይል የሚያገኘው በተጨባጭ በደል ላይ ሲቆም ነው። ከምርጫ ወደ ምርጫ የሚዞር መፈክር ሲሆን ይደክማል።

የትምህርት ቤት ምርጫ የሚባለው፣ ወላጅ በሕዝብ ገንዘብ የልጁን ትምህርት ቤት የሚመርጥበት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የተደራጀው የወግ አጥባቂዎች ዘመቻ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1955 መንግሥት የትምህርት ወጪን ይክፈል እንጂ ትምህርት ቤቱን ራሱ የግድ አያስተዳድር ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ በ1990 በሚልዋኪ ተጀመረ። ያስጀመሩትም ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ቶሚ ቶምሰን እና የድሃ ጥቁር ቤተሰቦች ልጆች ጉዳይ ያስቆጫቸው ዴሞክራቷ የምክር ቤት አባል ፖሊ ዊልያምስ ነበሩ። አሪዞና በ2022 ዕድሉን ለሁሉም ተማሪ ከፈተች፤ ቴክሳስ በግንቦት 2025 አንድ ቢሊዮን ዶላር መደበች።

የቴክሳሱ መንገድ ግን ቀላል አልነበረም። በኅዳር 2023 ሐሳቡን በምክር ቤት የጣሉት ዴሞክራቶች ብቻቸውን አልነበሩም፤ 21 ሪፐብሊካኖችም አብረዋቸው ነበሩ። አብዛኞቹ የገጠር ተወካዮች ናቸው። በእነዚያ ትናንሽ ከተሞች ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቀጣሪ ነው፤ ዓርብ ማታ ከተማው በሙሉ ለአሜሪካ እግር ኳስ የሚሰበሰበውም እዚያ ነው። የግል ትምህርት ቤት በአካባቢው ከሌለ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቦታ ይፈስሳል የሚለው ፍርሃታቸው ራሱ ወግ አጥባቂ ፍርሃት ነበር። በ2024 ቅድመ ምርጫ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት ከእነዚህ ብዙዎቹን አስወግደው ሕጉን አሳለፉ። በኅዳር 2024 ዶናልድ ትራምፕ በሰፊ ልዩነት ያሸነፉባት ኬንታኪ ተመሳሳይ ሐሳብን በሕዝበ ውሳኔ ጣለች፤ ከ120 ካውንቲዎቿ አንዱም አልደገፈውም። የትምህርት ምርጫ ለሚልዋኪ ወላጅ መውጫ በር ሊሆን ይችላል፤ አማራጭ ትምህርት ቤት በሌለበት የኬንታኪ ገጠር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ተንታኞቹ ይህን ልዩነት በቁም ነገር ሊይዙት ይገባ ነበር።

ግብር፦ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

የዘመናዊው የግብር አመፅ ልደት ሰኔ 1978 ነው። በካሊፎርኒያ ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የመሩት 13ኛው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ የንብረት ግብርን በቤቱ ግምት 1 በመቶ ላይ ገደበ፤ ቤቱ እስኪሸጥም ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አደረገ። ቤታቸውን ከፍለው የጨረሱ ጡረተኞች የሰፈራቸው ዋጋ ስለናረ ብቻ ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ አዳናቸው። ዋጋውም ነበረው። ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለተገዛ ብቻ፣ እጅግ የተራራቀ ግብር ይከፍላሉ፤ ሸክሙም በወጣቱና በአዲስ መጤው ላይ ይወድቃል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በዴንቨርና በኦሮራ ያለው ሕግ ከዚህ የተሻለ ይመስለኛል። ኮሎራዶ በ1992 ያጸደቀችው ታቦር የተባለው ማሻሻያ መስተዳድሩ ግብር ሊጨምር ሲፈልግ ሕዝቡን አስቀድሞ በድምፅ እንዲጠይቅና በሕጉ ከተቀመጠው ገደብ በላይ የተሰበሰበውን እንዲመልስ ያስገድዳል። በ2022 አንድ ግብር ከፋይ 750 ዶላር ቼክ ያገኘው በዚህ ሕግ ነው። የኮሎራዶ ከተሞች ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ሲፈልጉ ነዋሪውን ይጠይቃሉ፤ ነዋሪው አንዳንዴ እሺ ይላል፣ አንዳንዴ እምቢ። ውሳኔው ከፋዩ እጅ ላይ ነው።

ካንሳስ የሌላ ዓይነት ትምህርት ሰጥታለች። አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ በ2012 የገቢ ግብርን በከፍተኛ መጠን ቀነሱ፤ የብዙ አነስተኛ ንግዶችን ትርፍም ከስቴቱ የገቢ ግብር ነፃ አደረጉ። የተጠበቀው ዕድገት ሳይመጣ የበጀት ጉድለት መጣ። በ2017 ሕጉን የሻረው፣ የአገረ ገዥውን ውድቅ ማድረጊያ ድምፅም የጣሰው፣ በሪፐብሊካኖች የተያዘው ምክር ቤት ራሱ ነበር። ኖርዝ ካሮላይና ደግሞ ግብርን በየዓመቱ ቀስ በቀስ፣ ገቢው እየታየ ቀነሰችና እንዲህ ያለ ቀውስ አልገጠማትም። ጥንቃቄ የወግ አጥባቂነት መለያ ነው ከተባለ ካንሳስ የራሷን ትምህርት ረስታ ነበር።

ዛሬ ትኩሱ ጥያቄ የንብረት ግብርን ጨርሶ ማስቀረት ነው። የፍሎሪዳው አገረ ገዥ ሮን ደሳንቲስ በዋና ነዋሪዎች ቤት ላይ ያለው ግብር እንዲቀር ይሟገታሉ። የኖርዝ ዳኮታ ሕዝብ ግን በ2024 የቀረበለትን ተመሳሳይ ሐሳብ በሰፊ ድምፅ አልተቀበለም። ከ2020 በኋላ የቤት ግምት በየቦታው ስላሻቀበ ቁጣው እውነተኛ ነው። ሆኖም የንብረት ግብር ከተሞችና ትምህርት ቤቶች በእጃቸው ያለ ዋና ገቢያቸው ነው። እሱ ከቀረ ጉድለቱን የሚሞላው የስቴቱ ዋና ከተማ ነው፤ በጀት ሰጪው ደግሞ አዛዥ ይሆናል። ለአካባቢ ሥልጣን የሚቆረቆር ሰው ይህን ሐሳብ ከመደገፉ በፊት ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል።

ጸጥታ፦ ድሃው ሰፈር ምን አለ?

በ1982 ጄምስ ኪው ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የወግ አጥባቂውን የጸጥታ አስተሳሰብ ቀርጿል። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ትንንሽ ጥፋቶች ችላ ሲባሉ ሰፈሩ ጠባቂ እንደሌለው ምልክት ይሰጣሉ፣ ትልልቁም ወንጀል ይከተላል። ኒው ዮርክ ከ1994 ጀምሮ በዚህ ሐሳብ ሠራች። ወንጀሉ በእርግጥም ወረደ፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን በሌሎች ብዙ ከተሞችም ወርዷል፤ ኒው ዮርክ በኋላ የተከተለችው መንገደኛን ያለ በቂ ምክንያት የመፈተሽ አሠራርም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተወግዟል።

ከ2020 በኋላ የታየው ግን የወግ አጥባቂዎችን መሠረታዊ ነጥብ አጠናክሮታል። የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ፣ ሪፐብሊካን በጣት በሚቆጠርባት ከተማ፣ በየካቲት 2022 ሦስት የትምህርት ቦርድ አባላትን፣ በሰኔ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉን ቼሳ ቡዲንን በድምፁ ከሥልጣን አነሣ። ኦሪገን በ2020 ጥቂት መጠን ያለው አደገኛ ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት ያወጣችበትን ሕግ በ2024 ቀለበሰችው። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት በስርቆትና በዕፅ ላይ ያለውን ቅጣት በሕዝበ ውሳኔ አጠበቀች። ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ በተገደለባት በሚኒያፖሊስ ሕዝቡ በ2021 የፖሊስ መምሪያውን በሌላ ተቋም የመተካት ሐሳብን ጣለ፤ ጥቁሮች በብዛት የሚኖሩበት የሰሜኑ ክፍልም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበር። እነዚያ ነዋሪዎች የፖሊስን በደል ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ከተኩስ ድምፅ ጋር የሚያድሩትም እነሱ ናቸው። ሁለቱንም ይፈልጋሉ፦ የሚያከብራቸው ፖሊስ፣ ግን ፖሊስ።

ወግ አጥባቂነት በዚህ መስክ ከእስር በላይ የሚያቀርበው ነገር እንዳለ ቴክሳስ አሳይታለች። በ2007 አዲስ እስር ቤቶች ከመሥራት ይልቅ ለሕክምናና ለአመክሮ ገንዘብ እንዲመደብ ሪፐብሊካኑ ጄሪ ማደን ከዴሞክራቱ ጆን ዊትማየር ጋር ሠሩ። ከዓመታት በኋላ ስቴቱ እስር ቤቶችን መዝጋት ጀመረ። የሕዝብ ገንዘብ ውጤት ማሳየት አለበት የሚለው የወግ አጥባቂ ጥያቄ እስር ቤትንም ይመለከታል ማለት ነው።

ቤትና ሥራ፦ ለአዲስ መጤ በሩ ሲከፈት

ከዚህ ሁሉ ለስደተኛ ቤተሰብ ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ የማይወራለት ክፍል ነው። በ1950ዎቹ የስቴት የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ከሠራተኞች 5 በመቶ ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ሩብ ገደማው ይጠየቃል። በዋሽንግተን ዲሲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሹሩባ ሥራ ቤት የነበራቸው ባልና ሚስት፣ ስለ ሹሩባ ምንም የማያስተምር የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ አውጡ ሲባሉ ከሰሱ፤ በመጨረሻም ሕጉ ተቀየረላቸው። ከልጅነቷ ጀምራ የእህቶቿን ፀጉር የሠራች ሴት የእጇን ሙያ ለመሸጥ የወራት ሥልጠናና የሺህ ዶላሮች ክፍያ ሊጠየቅባት የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። አሪዞና በ2019 ከሌላ ስቴት የመጣን ባለሙያ ፈቃድ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ስቴቶች ተመሳሳይ መንገድ ይዘዋል። እነዚህ ሕጎች ተራውን ሰው ከነባር ባለጥቅሞች አጥር ነፃ ስለሚያወጡ፣ የወግ አጥባቂው ክርክር በጣም ንጹሕ ሆኖ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው።

በቤት ግንባታ ላይ ግን የወግ አጥባቂዎች ወገን ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን መሬቴ የኔ ነው፣ ሁለት ቤተሰብ የሚያኖር ቤት ልሥራበት ይላል፤ ሌላው የሰፈሬ መልክ አይቀየር ይላል። ሁለቱም ራሳቸውን ወግ አጥባቂ ይላሉ። ሞንታና በ2023 ከተሞች ሁለት ቤተሰብ የሚያኖር ቤት፣ ቴክሳስ በ2025 ከተሞች በትንሽ መሬት ላይ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክሉበትን ሥልጣን ቀነሱ። በግራ በኩል ደግሞ ሴንት ፖል በ2021 የቤት ኪራይ ጭማሪን በዓመት 3 በመቶ ላይ ስትገድብ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ወረደ፤ ከተማዋ በ2022 እና በ2025 አዳዲስ ሕንፃዎችን ከገደቡ አወጣች። ብዙ ቤት ካልተሠራ ኪራይ አይወርድም የሚለው ክርክር በዚህ አጋጣሚ ከበድ ያለ ማስረጃ አግኝቷል።

መርሑ የሚፈተንበት ቦታ

አሁን ወደ ዝምታው እንመለስ። ቴክሳስ በ2023 ባወጣችው 2127 ቁጥር ሕግ ከተሞች በሠራተኛ፣ በንግድ፣ በንብረትና በሌሎች ሰፊ መስኮች ከስቴቱ ሕግ የሚያልፍ ደንብ እንዳያወጡ ከለከለች። ከሕጉ ጋር ስሙ አብሮ የተነሣው በኦስቲን በ2010፣ በዳላስ በ2015 የወጣው ደንብ ነበር፤ የግንባታ ሠራተኞች በየአራት ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ አርፈው ውኃ እንዲጠጡ ያዛል። ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፦ በመቶ ከተማ የሚሠራ ኩባንያ መቶ የተለያየ ደንብ ሊከተል አይችልም፣ ከተማም በሕግ የስቴቱ ፍጡር ነው። ይህ ለአንዳንድ ደንቦች ሊሠራ ይችላል። የቴክሳስን የነሐሴ ፀሐይ በጣሪያ ላይ ቆሞ የሚቀበል ሠራተኛ ዕረፍት ግን፣ ለሁኔታው ቅርብ የሆነው ከተማ ሊወስንበት የማይገባ ጉዳይ ነው ለማለት ምን ዓይነት መርሕ ያስፈልጋል?

ዲሲም ሌላ ፈተና ነበረች። ነሐሴ 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ ውስጥ ያለውን የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ ጠቅሰው የከተማዋን ፖሊስ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር አዋሉ፤ የብሔራዊ ጥበቃ ሠራዊትም አሰማሩ። በዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤትና ሱቅ ያላቸው ወገኖች ስለ ጸጥታ የሚያሰሙት ምሬት እውነት ነው። ሆኖም በከተማዋ በ2023 የተመዘገበው 274 ግድያ በ2024 ወደ 187 ወርዶ ነበር። ዋሽንግተን ከስቴቶች ራስ ላይ ትውረድ ሲሉ የኖሩ ተንታኞች በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ አጨበጨቡ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ነገ ሌላ ፕሬዚዳንት ይህንኑ መንገድ ይዞ ቢመጣ የሚቃወሙበት ቃል በእጃቸው አይኖርም።

ከዚህ በተቃራኒ ኢንዲያና ላይ የታየውን በአክብሮት ማንሣት ይገባል። በታኅሣሥ 2025 ዋይት ሐውስ የስቴቷ የኮንግረስ ምርጫ ክልሎች ከተለመደው ጊዜ ውጭ እንደገና ለሪፐብሊካኖች እንዲከለሉ ከፍተኛ ግፊት አደረገ። የኢንዲያና ሴኔት ሐሳቡን በ31 ለ19 ጣለው፤ ከተቃወሙት 21 የሚሆኑት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ለራሳቸው ፓርቲ የሚጠቅመውን ነገር በስቴታቸው ሥርዓትና በመራጮቻቸው ስም እምቢ አሉ። የወግ አጥባቂነት ጽሑፎች ለዘመናት የሰበኩትን ነገር በአንድ ቀን ድምፅ ሠርተው አሳዩት።

ክርክሩን የሚያቀጭጨው

ይህ መርሕ በሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርገው ሌላው ኃይል የአካባቢው ሕይወት ራሱ መድረቁ ነው። አሜሪካ ከ2005 ወዲህ ከጋዜጦቿ ከሲሶ በላይ አጥታለች። የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚዘግብ ሰው ሲጠፋ፣ ነዋሪው ስለ ከንቲባው የሚያስበው ስለ ፕሬዚዳንቱ በሰማው ነገር ይሆናል። ግራም ቀኝም ይህን ጠባይ ይዘዋል፤ የመንገድ ጉድጓድና የቤተ መጻሕፍት ሰዓት ሳይቀር የአገር አቀፍ ጦርነት ግንባር ሆኗል። በዚያ ላይ ብዙ የአካባቢ ምርጫዎች ከዋናው ምርጫ ተነጥለው በጎዶሎ ዓመት ወይም በፀደይ ስለሚካሄዱ የሚመጣው መራጭ ጥቂት ነው፤ በዚያ ዝቅተኛ ቁጥር ውስጥ ድምፁ የሚገዝፈው ቀጥተኛ ጥቅም ያለው የተደራጀ ቡድን፣ የመምህራን ማኅበርም ይሁን የቤት አልሚዎች ስብስብ ነው። አንዳንድ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎች እነዚህን ምርጫዎች ከዋናው ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ማድረግን ሲደግፉ ትክክል ናቸው።

ዳሰሳውን በሙሉ ሳየው ወግ አጥባቂው ወገን ትክክል ሆኖ የተገኘባቸው ቦታዎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። በሞንትጎመሪ ወላጅ፣ በኮሎራዶ ግብር ከፋይ፣ በሚኒያፖሊስ ሰሜን የሰፈር ነዋሪ፣ በዲሲ የሹሩባ ሠሪዋ፣ ሁሉም ለጉዳዩ ከሁሉ ቅርብ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የተሳሳተባቸው ቦታዎችም እንዲሁ ይመሳሰላሉ፦ ካንሳስ ላይ ከዋና ከተማዋ ከቶፒካ የወረደ ንድፈ ሐሳብ፣ ኬንታኪ ላይ የገጠሩን ኑሮ ያላየ ዘመቻ፣ ቴክሳስ ላይ ለከተማ ያልተተወ የውኃ ዕረፍት።

ይህ ለእኛም ተግባራዊ ትርጉም አለው። ሚኒሶታ ውስጥ ኦስቲን በምትባል ትንሽ ከተማ ከጋምቤላ በስደት የመጣው ኦባላ ኦባላ በ2020 የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። በእንዲህ ያለ ምርጫ የጥቂት መቶ ሰው ድምፅ ውጤት ይለውጣል፤ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ግን ይሰምጣል። ግራም እንምረጥ ቀኝ፣ ለከተማና ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደር ማንኛውም ሰው ሲመጣ ልንጠይቀው የሚገባው ስለ ዋሽንግተን የሚያስበውን ብቻ አይደለም። የስቴቱ ዋና ከተማ፣ ሪችመንድ ወይም አናፖሊስ፣ የከተማችንን ውሳኔ ሲሽር ምን ይላል? የራሱ ፓርቲ ሲሽረውስ? ግብራችን ሲጨምር አስቀድሞ ይጠይቀናል? ልጆቻችን የሚነበብላቸውን ይነግረናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በተሸነፈበት ጉዳይ ላይም ያንኑ መልስ የሚሰጥ ዕጩ ድምፃችን ይገባዋል። ጽሑፋቸውን በአክብሮት የማነብላቸው ወግ አጥባቂ ተንታኞችም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ሚዛን ነው።